አውሬውን የሰፋች እጅ

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህ የሳቅ ሰዓት ነበር።

ከረግረጉ ዳር፣ ከአሮጌዋ የጭነት መኪና ጀርባ፣ ሰውየው ከወገቡ በታች አውሬ፣ ከወገቡ በላይ ሰው ሆኖ ይቆማል። እሷ ከኋላው ሆና፣ በትልቁ የፍራሽ መርፌ ከወገቡ እስከ ማጅራቱ እየሰፋች አውሬውን ትዘጋበታለች። ልብሱ ዚፕ ነበረው፤ ሁለተኛው ፊልም ላይ ተበጥሶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየቀረፃው ጠዋት ሰውየው ተሰፍቶ ይገባል፤ ሥራው ሲያልቅ ተተርትሮ ይወጣል። በዚያ መሀል ስንት ወሬ ይወራ ነበር! ስንቴ መርፌዋን እንደያዘች በሳቅ ፍርስ ብላለች!

ዛሬ ግን የሚሰማው ክሩ በስፖንጁ ውስጥ ሲንሸራተት ብቻ ነው።

"ጥልፌ" አላት በመጨረሻ።

የፊልሙ ሰዎች ሁሉ የሚጠሯት እንደዚያ ነው። ከአሮጌ ፍራሽና ከማዳበሪያ ከረጢት ለተሠራ አውሬ፣ ካሜራ የማያየውን ቅርፊት ሳይቀር ዳር ዳሩን በክር ስትጠልፍለት አይተው ያወጡላት ስም ነው።

"ጥልፌ፣ ስሚኝማ። አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝ እንኳን።"

"አትነቃነቅ፤ ትወጋለህ።"

"ከትናንት ጀምሮ እንደተወጋሁ ነኝ።"

"የወጋሁህ እኔ ነኝ?" ድምጿ ከፍ አለ። ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። ክሩን ሳበችው፤ ከወትሮው አጥብቃ ሳበችው። ማጅራቱ ጋ ስትደርስ ቋጥራ ማቆም ሲገባት፣ እጇ እልህ ይዞት ተመልሶ ወደ ታች ወረደ፤ በስፌቱ ላይ ሌላ ስፌት ደረበችበት። ክሩ የዓሣ ማጥመጃ ነው፤ ጥርስ አይበጥሰውም።

"ጠበቀብኝ እኮ" አላት።

"ይጥበቅ።"

ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። የአውሬውን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ለአፍታ ዓይኖቹን አየቻቸው። እንቅልፍ በአጠገባቸው ያላለፈ፣ የቀሉ ዓይኖች ነበሩ። ልቧ ሊራራ ሲቃጣው ቀደመችው።

"አንተ ደፋር የምትሆነው ፊትህ ሲሸፈን ብቻ ነው" አለችውና ጭንቅላቱን አጠለቀችለት።

ከውስጥ አንድ ነገር ተናገረ። ስፖንጁ ቃሉን ዋጠው። ምን እንዳለ ለማወቅ ጓጓች፤ በመጓጓቷም ራሷን ጠላችው።

*

ሰውየው አውሬ የሚሆነው በዕረፍት ቀኑ ነው። በሥራ ቀን ነጭ ጋውን ለብሶ በአባቱ የጥርስ ክሊኒክ የሰው አፍ ሲያይ ይውላል። ሠራተኞቹ አባቱን "ትልቁ ዶክተር"፣ እሱን "ትንሹ ዶክተር" ይሏቸዋል። ትልቁ ዶክተር ለሰው ሁሉ ጥርስ ሲያበጁ ኖረው የራሳቸውን ጥርስ ለፈገግታ ያልተጠቀሙበት ሰው ናቸው። ልጃቸው እሑድ እሑድ የት እንደሚሄድ ቢጠየቁ "ሥልጠና ላይ ነው" ይላሉ። የነገራቸው እንደዚያ ነው።

የዚያን ክሊኒክ ወለል በየማለዳው የምታጸዳው ደግሞ የጥልፌ እናት ናት።

ሁለቱ ልጆች የተገናኙት ግን ክሊኒክ ውስጥ አይደለም፤ በዚህ አውሬ የተነሳ ነው። የመጀመሪያው ፊልም በሰፈሩ ትንሽ ሲኒማ ቤት የታየ ቀን፣ ጥልፌ የኋላው ወንበር ላይ ተደብቃ ተቀምጣ ነበር። አውሬው ከረግረጉ ብቅ ሲል የጀርባው ዚፕ በፀሐይ አብለጨለጨ። አዳራሹ በአንድ አፍ "ዚፑን ዝጋ! ዚፑን!" ብሎ ጮኸ። ሴቲቱን ሊያሳድድ ሲሮጥ ጭራው ተቆርጦ መንገድ ላይ ቀረ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ግን ጭራው ተመልሶ ቦታው ላይ አለ። ሰዉ ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ። ጩኸቱ ተብሎ የገባው ድምፅ ጠረጴዛ በሲሚንቶ ላይ ሲጎተት እንደሆነ ማንንም አልጠፋውም። ጥልፌ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

"አንቺ ነሽ የሰፋሽው አይደል?" አላት ከጎኗ የተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ። "እኔ ነኝ ውስጡ የነበርኩት። ስትለኪኝ ቀና ብለሽ ስላላየሽኝ አታውቂኝም።"

"ታዲያ እንዴት ትስቃለህ? የሚስቁት በኛ ነው እኮ!"

"በኛ አይደለም፤ ከኛ ጋር ነው። ውድ ውድ ፊልም ያየ ሰው ፈርቶ ይወጣል፤ በር ላይ ይረሳዋል። ይሄ ሁሉ ሰው ግን ቤቱ ገብቶ ስለዚያች ጭራ ሲያወራ ነው የሚያመሸው። የሰው እጅ የነካው ነገር መሆኑ ስለሚታየው ነው የሚስቀው። ቆይ፣ መጨረሻውን እይ።"

መጨረሻው ላይ አውሬው ብቻውን ወደ ውሃው ተመለሰ። ሲስቅ የነበረው አዳራሽ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ከልባቸው "አይ፣ ምስኪን!" አሉ። ጥልፌ ከሻርፗ ቀና ብላ ጎረቤቷን አየችው። እሱ ግን ስክሪኑን አልነበረም የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም፣ ደግሞ ሌላ። የአውሬውን ጥርስ እሱ ራሱ በክሊኒኩ ላቦራቶሪ ሠራው። የአባቱ የጥርስ ቅርጽ በጂብሰም ተቀድቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበርና ያንን አስመስሎ፣ አሳድጎ፣ አሹሎ ቀረጸው። ስለዚህ የረግረጉ አውሬ እንደ ትልቁ ዶክተር ፍንጭት ሆነ። "ይሄስ አውሬ ፍንጭት ነው፤ ያምርበታል!" ይል ነበር ተመልካቹ። ሁለቱ ይህንን እያነሱ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ይስቁ ነበር። ግን በአደባባይ አብረው ታይተው አያውቁም። ማስታወቂያው ላይ የእሱ ስም ሰፍሮ አያውቅም። "ቆይ፣ ለአባቴ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ" ይላታል። "ቀስ" የምትለዋ ቃል ፊልም አልፎ ፊልም ሲመጣም አላለቀችም።

ትናንት ግን አለቀች።

ትናንት ጥልፌ ለእናቷ የጉልበቷን መድኃኒት ልታደርስ ክሊኒኩ ገባች። ኮሪደሩ ላይ ትልቁ ዶክተር ከአንዲት የደመቀች ልጅ ጋር ቆመዋል፤ የመድኃኒት አስመጪው ልጅ ናት፤ የዶክተሩ ቤተሰብ ለልጁ ያጫት። ትንሹ ዶክተር ከጎናቸው ነው። ጥልፌን ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው እንደ ሻማ ጠፋ።

"ይቺ ልጅ ማናት? ታውቃታለህ እንዴ?" አሉ አባቱ።

እሱም መሬት መሬት እያየ፣ "የጽዳቷ ልጅ ናት" አለ።

ውሸት አልነበረም። እናቷ እዚያው ነበረች፤ መወልወያዋን እንደያዘች ለእንግዳዋ ፈገግ ብላ "አዎ፣ የኔ ልጅ ናት" አለች። ጥልፌ መድኃኒቱን አስረክባ ወጣች። እንዴት እንደወጣች አታስታውሰውም።

ቤት ሲገቡ እናቷ ጫማዋን እያወለቀች፣ "አላየሁም ብዬ እንጂ ዓይን አለኝ" አለቻት። "ልጄ፣ አቻ ለአቻ ነው ጋብቻ። የሰው ቤት ወለል ሳጸዳ ኖሬ ያሳደግኩሽ ሰው ኮሪደር ላይ አንገትሽን እንድትደፊ አይደለም። ደግሞ ጉሮሮዬን አትዝጊብኝ። ተይው።"

"ትቼዋለሁ፣ እማ" አለች ጥልፌ። ሌሊቱን ሙሉ ግን የተወችው ነገር ደረቷ ላይ ተቀምጦ አደረ።

*

የፊልሙ ባለቤትም፣ ደራሲም፣ ዳይሬክተርም "ጋሽ ይበቃል" ናቸው። ስሙ የወጣላቸው አንድን ትዕይንት ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርጸው ስለማያውቁ ነው። ተዋናይ ቢወድቅ፣ ውሻ በካሜራው ፊት ቢያልፍ፣ የአውሬው ዓይን ተገንጥሎ ቢንጠለጠል "ይበቃል!" ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

በዚያ እሑድ የቀራቸው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነበር። አውሬው ሴቲቱን ዳር ላይ አስቀምጦ ወደ ረግረጉ ይገባል፤ ውሃው ራሱን እስኪሸፍነው ይወርዳል፤ ከዚያ ከቄጠማው ጀርባ ተደብቆ ይወጣል። ገባ፤ ሰመጠ፤ ወጣ። ሁሉም ያችን የለመዷትን ቃል ጠበቀ። ጋሽ ይበቃል ግን ሰማዩን አንጋጠው አዩ። ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ወርቅ በትናለች።

"ይደገም!" አሉ።

ሠራተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

"ጋሽዬ" አለች ጥልፌ፣ "ስፖንጁ ውሃ ጠጥቷል። መጀመሪያ ይጨመቅ።"

"ፀሐይዋ ትሄድብናለች ልጄ! አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ!"

አውሬውን አየችው። ውሃ እያንጠባጠበ፣ ትከሻው ወርዶ ቆሟል። ጥፍራም እጁን አንስቶ "ይሁን" የሚል ምልክት አሳያት። "አይሆንም" ብላ ብትጮህ ይሰሟት ነበር። ግን ያ ትናንት ኮሪደር ላይ የተዋጠ እልህ ቀደማት። "የራሱ ጉዳይ" አለች በሆዷ።

አውሬው ወደ ውሃው መራመድ ሲጀምር አንዲት ጥቁር መኪና ዳር ላይ መጥታ ቆመች። ከፊት ትልቁ ዶክተር ወረዱ፤ ከነሙሉ ልብሳቸው፣ ከነከረባታቸው። ከኋላ የጥልፌ እናት ወረደች፤ የሥራ ሽርጧን እንኳን አልፈታችም። ዶክተሩ በእጃቸው ከግድግዳ የተገነጠለ የፊልም ማስታወቂያ ይዘዋል።

"አንቺ ነሽ ይኼን ጉድ የምትሰፊው?" አሏት።

"አዎ፣ ዶክተር።"

ማስታወቂያውን ዘረጉት፤ አውሬው አፉን ከፍቶ። "ይህ የኔ ጥርስ ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፍኖ አስነጠሰ።

"ዕድሜዬን ሙሉ መስታወት ውስጥ ያየሁትን ጥርስ አላውቀውም? ጋዜጣ ልገዛ ብወጣ የራሴ አፍ አጥር ላይ ተለጥፎ ያገጥብኛል! ላቦራቶሪ ሄጄ ሳይ ቅርጹ አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል። እናትሽን ስጠይቅ 'ልጄ ታውቃለች' አለችኝ። ልጄ ከናንተ ጋር ምን ይሠራል? የት ነው ያለው?"

ጥልፌ ወደ ውሃው አየች። የዶክተሩ ልጅ ፊታቸው ነው፤ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ሰጥቷቸው እየሄደ። አንድ ቃል ብትናገር ትናንት ላዋረዳት ዛሬ ትከፍለዋለች። አንድ ቃል ብቻ! እናቷን አየቻት። የእናቷ ዓይን ይለምናታል፤ ንገሪያቸው ነው የሚለው ወይስ አትንገሪያቸው፣ መለየት አቃታት።

"አላውቅም፣ ዶክተር።"

"ታውቂያለሽ! እናትሽ እኔ ዘንድ ሠርታ እንደምታድር አትርሺ።"

"አልረሳሁም" አለች፤ እንባዋ ዓይኗን ሞላው። "ትናንት በደንብ ተነግሮኛል። ስለሌላ ሰው ምስጢር ግን እኔ አፍ የለኝም።"

ይህን ስትል ውሃው የአውሬውን ራስ ዋጠ።

አረፋ ወጣ። አረፋው ቆመ። ከቄጠማው ጀርባ ግን ማንም ብቅ አላለም። ከዚያ አንድ እጅ ከውሃው ወጥቶ ውሃውን መታ፤ ጠለቀ፤ ደግሞ ወጥቶ መታ።

"እዩት! ትወናውን እዩት!" አሉ ጋሽ ይበቃል፣ በደስታ ሊፈነዱ ደርሰው። "ቅረፁ፣ አታቁሙ!"

ጥልፌ ግን አውሬውን ታውቀዋለች። አውሬው እጁን የሚያነሳው ጣቶቹን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ነው፤ ጥፍሮቹ እንዲታዩ። ያ እጅ ግን ተጨብጧል። የሚጨብጠው ነገር አጥቶ አየሩን ይጨብጣል።

"ትወና አይደለም!" ጩኸቷ ወፎቹን ከቄጠማው አስነሳቸው። "ዶክተር፣ ልጅዎ እሱ ውስጥ ነው! ልጅዎ ውስጡ ነው!"

መልሳቸውን አልጠበቀችም። መቀስዋ በገመድ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ዘላ ገባች።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጭቃው ደግሞ እንደ ሰው እጅ እግሯን ይይዛል። ውሃው ደረቷ፣ ከዚያም አንገቷ ድረስ ደረሰ። ስትደርስበት በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ ውሃ የጠገበው ፍራሽ እንደ ድንጋይ ተጭኖታል። ጎተተችው፤ አልነቃነቅ አለ። ጀርባውን ዳበሰች፤ ስፌቱን አገኘችው። መቀሱን ሰደደች። ክሩ ተንሸራተተ። ደግማ ሰደደች። የራሷ እጅ በንዴት የደረበው ክር መቀስ ላይ እንቢ አለ።

"አምላኬ፣ በገዛ እጄ! በገዛ እጄ!"

ስፌቱን ተወችው። ዞራ መቀሱን ደረቱ ላይ ሻጠችው። ቅርፊት በቅርፊት የጠለፈችውን፣ ስንት ጊዜ ዓይኗን ያደከመችበትን ሥራ ከአንገት እስከ ሆድ ቀደደችው። በቀዳዳው እጇን አስገብታ የሸሚዙን ደረት ጨበጠች። ያኔ ሌሎች ሁለት እጆች ከጎኗ መጡ። ትልቁ ዶክተር ናቸው፤ ከረባታቸው ውሃው ላይ ተንሳፍፏል።

"ራሱን ያዥ! ራሱን ቀና አድርጊልኝ!"

የአውሬውን ጭንቅላት ነቅለው ወረወሩት፤ ከነፍንጭት ጥርሱ ተንሳፍፎ ሄደ። ልጁን ከተቀደደው ቆዳ ውስጥ እንደ ባቄላ ፈልፍለው አወጡት። ዳር ላይ ሲያስተኙት ፊቱ ጠቁሯል፤ አይተነፍስም። አባትየው ላዩ ላይ ጎነበሱ። እጃቸው የልጁን አፍ ሲከፍት አላመነታም፤ ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ነውና። ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉለት። ትንፋሻቸውን ሰጡት። ደረቱን ጫኑት። ደግሞ ትንፋሻቸውን ሰጡት።

ጥልፌ እግሩ ሥር ተንበርክካ የቀዘቀዘ እግሩን በሁለት እጇ ይዛለች። ትናንት ተውኩት ያለችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣባት። "የጽዳቷ ልጅ በለኝ" ትላለች ድምፅ ሳታወጣ። "የፈለግከውን በለኝ። ብቻ በለኝ።"

ሳል መጣ። ውሃ ከአፉ ወጣ። ከዚያ እየተቆራረጠ፣ እያጓራ፣ ትንፋሽ መጣ።

የጥልፌ እናት ሽርጧን ፈትታ የልጁን ፊት ስትጠርግ እጇ እንደ ሕፃን እናት እጅ ለስላሳ ነበር።

*

አባትየው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ጫማቸውን ረግረጉ አስቀርቶታል።

"ሥልጠናው ይኼ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ አባዬ።"

"ሰው እንዲስቅብህ።"

"ሰው እንዲስቅ።" በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። የአውሬው አረንጓዴ ቀለም በጉንጩ ላይ ይወርዳል። "አባዬ፣ ትናንት 'ማናት' ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የመለስኩልዎት ውሸት አይደለም፤ ግን ፈሪ ሰው እውነትን ቆርጦ ነው የሚናገረው። እወዳታለሁ። ከሷ ሌላ..."

"አትጨርሰው!" አለች ጥልፌ።

ሁሉም ዞረው አዩአት። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፏል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

"እኔ ዛሬ ልገድልህ ነበር። ስፌቱን በንዴት ደረብኩት፤ እንዲጨንቅህ ብዬ። ያንን መጀመሪያ እወቅ።"

"ያወጣሽኝም አንቺ ነሽ።"

"አንዱ አንዱን አያጠፋውም! አንተም ከሞት አፋፍ ስለተመለስክ የምትለውን ሁሉ እኔ አልቀበልም። ከሞት ያመለጠ ሰው የማይወደው የለም፤ ቄጠማውንም ይወዳል። የምትለው ነገር ካለህ ደርቀህ፣ ጋውንህን ለብሰህ፣ ሰው በሞላበት ኮሪደር ላይ በለው። ያኔ እሰማሃለሁ። ካልሆነም ደግሞ..." ድምጿ ተሰበረ። "ካልሆነም በሕይወት አለህ። ይበቃኛል።"

እናቷ ክንዷን ያዘቻት። ከረግረጉ እስከ መንገዱ ሁለቱም ዞር ብለው አላዩም። ጥልፌ ብርዱን አልሰማችውም፤ የሰማችው ከኋላዋ የሚመጣውን ሳል ብቻ ነበር። ሳሉን በሰማች ቁጥር ልቧ ተመስገን ይል ነበር።

*

ሰኞ ማለዳ እናቷ እንደ ልማዷ ተነሳች።

"የት ነው እማ?"

"ሥራዬ ነዋ! አንቺም ተነሽ፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ካባረሩኝ ባልዲዬን ማን ያግዘኛል? የራሴ ባልዲ ነው፤ ለነሱ አልተውም።"

ኮሪደሩ ጉንጫቸው ባበጠ ሰዎች ተሞልቷል። እናቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ወለሉን ከዳር ጀመረች። ጥልፌ ግድግዳው ጋ ባልዲውን ይዛ ቆመች። "አይመጣም" ይላታል አንዱ ልቧ። "ቢመጣስ?" ይላታል ሌላው፤ ይኸኛው ይበልጥ ያስፈራል።

በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋውን ለብሷል፤ ከጆሮው ጀርባ አረንጓዴ ቀለም ቀርቶበታል። አያት፤ ግን ወደ እሷ አልመጣም። ቀጥ ብሎ ወደ እናቷ ሄደና ጎንበስ አለ።

"እማማ፣ ቅዳሜ እዚህ ቦታ ላይ በእርስዎ ፊት በደልኩዎት። የእርስዎ ልጅ መሆን የሚያኮራ ነገር ሆኖ ሳለ እኔ እንደ ነውር ተናገርኩት። ሰው ፊት ስለሆነ የበደልኩዎት፣ ሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።"

እናቷ መወልወያዋን ደገፍ አለች። "ተነስ ልጄ፣ ወለሉ እርጥብ ነው" አለች፤ ድምጿ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚለው።

ከዚያ ወደ ጥልፌ ዞረ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። ያ ውሃ ውስጥ የማይፈራው ሰውዬ አሁን ከንፈሩ ደርቋል።

"ደርቄ መጣሁ" አላት። "ዛሬ ፊቴ ላይ ምንም የለም፤ ስለዚህ እየፈራሁ ነው የምናገረው። አባቴ ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም። ያጨልኝን ልጅ አላገባም ስላልኩት ከዚህ ቤት ሊያስወጣኝም ይችላል። እወድሻለሁ። ሁሉም ይስማ፤ እወድሻለሁ። ከፈለግሽኝ እንደዚሁ ነኝ።"

አፋቸው በማደንዘዣ የተያዘ አንድ አዛውንት ግማሽ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው "እ... እሺ... በይው እንጂ!" አሉ። ሳቅ ሊጀምር ሲል የትልቁ ዶክተር በር ተከፈተና ሁሉም ቀጥ አለ።

ሰውየው በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን አዩ፤ ጥልፌን አዩ፤ ገና ያልደረቀውን ወለል አዩ። ወደ መዝገብ ክፍል መሄድ ነበረባቸው። ዘወትር በመሀል ነበር የሚሄዱት፤ ጫማቸው በእናቷ ሥራ ላይ ፈለጉን ጥሎ። አሁን ግን ወደ ዳር ወጡ። ግድግዳውን እየተደገፉ፣ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው አለፉ። ጥልፌ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ጉንፋን አልያዘሽም?" አሏት፣ ሳያዩአት።

"አልያዘኝም፣ ዶክተር።"

"ጥሩ" አሉና አለፉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እናቷ ግን መወልወያዋን አቁማ፣ አንድም ፈለግ ያላረፈበትን ወለል አየች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

*

በምሳ ሰዓት አብረው ወጡ። በትልቁ በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው።

ጋሽ ይበቃል ጠዋት ደውለው ነበር። ያን ዕለት "ይበቃል" የሚል ሰው ስላልነበረ ካሜራው አልቆመም፤ ልብስ ሰፊዋም፣ ከረባታሙ ሰውዬም ዘልለው ሲገቡ ሁሉም ተቀርጿል። "የፊልሜ መጨረሻ እሱ ነው" ብለዋል። "ሰውየው ማን እንደሆነ ከጠየቁኝ የአውሬው አባት ነው እላለሁ።" እሱ ይህን ሲነግራት እንደ ድሮው ሊስቁ አሰቡ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሁለቱም አፍረዋል።

ችግሩ መራመዱ ነበር። እስከ ዛሬ እሷ ከኋላው ቆማ ትሰፋለች፣ ወይ በጨለማ አዳራሽ ተቀምጠው ያያሉ እንጂ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም። እሱ ይረዝማል፤ እርምጃው ይቀድማታል። ሲያውቀው ይቆማል፤ ያኔ እሷ ትቀድመዋለች። ትከሻቸው ይጋጫል፤ "ይቅርታ" ይባባላሉ፤ እንደ እንግዳ ሰው። አንዲት ሴትዮ ከሱቅ ደጃፍ አተኩራ አየቻቸው። የጥልፌ ልብ እንደ ለመደው "ራቅ በይ" አላት። እግሯም ሊርቅ ተነሳ።

እጇን ያዘው። መዳፉ ላብ ላብ ብሎታል። ወይ የሷ ነው ያላበው። አልለየችውም፤ ለመለየትም አልፈለገችም። የሚፈራ ሰው እጅ ነው የያዛት፤ እየፈራም አልለቀቃትም። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሰው እየተጋፋቸው፣ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ነገር ቀስ ብሎ ሲነሳ ተሰማት፤ በቦታውም ስሙን የማታውቀው፣ ሊያስለቅሳት የደረሰ ደስታ ገባ።